የሸዋሮቢት ሐዲድ ማንን ይጠብቃል?

ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ተሳቢዎች በቀን መብራት አብርተው፣ ማርሽ አክብደው፣ አንዱ የአንዱን ኋላ እያየ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይሳባሉ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የተራራውን ሆድ የበሳበት ዋሻ ዛሬም የሰሜኑ መንገድ ጉሮሮ ነው። ከዋሻው አፍ እስከ ሸዋሮቢት ሃምሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከፍታው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። ፍሬኑ የተቃጠለበት ሹፌር፣ ናዳ የዘጋው መንገድ፣ ደብረ ሲና ላይ ሳይታሰብ ያደረ ጭነት ለሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ ወሬ አይደሉም።

ከተራራው ግርጌ ደግሞ ከአዋሽ ተነስቶ በቆላው፣ በሸዋሮቢትና በአጣዬ በኩል አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚዘልቅ የባቡር መስመር አለ። አፈሩ ተቆርጦ፣ ድልድዩ ቆሞ፣ ዋሻው ተቆፍሮ፣ ሐዲዱ ተነጥፏል። መደበኛ ባቡር ግን እስካሁን አልተመላለሰበትም።

ስለ ምድር ባቡር ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንዱ “ለምን ይዘገያል?” ነው። ሌላው “የመንግሥት ስለሆነ አይደል? ለግል ቢሰጥስ?” የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ያለ ቦታው የገባ ይመስለኛል። ባቡርን የሚያዘገየው በባለቤትነት ደብተር ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር፤ ስሙን መፋቅ ነው። የሸዋሮቢቱ ሐዲድ ግን ባለቤቱ የታወቀ ነው፤ የጎደለው ኤሌክትሪክ፣ ገንዘብና ሠራተኛ ነው።

ባቡሩ በደብረ ብርሃን ያልመጣው ለምን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር፤ በየመናኸሪያው የሚነሳ ቅሬታ ነውና። ምክንያቱ ፖለቲካ ብቻ እንደሆነ አድርጎ የሚያወራ አይጠፋም። ተራራው ግን የራሱ ሕግ አለው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ሰበቃው ትንሽ ነው፤ ባቡር ከመኪና ባነሰ ጉልበት ብዙ ጭነት የሚጎትተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያው ጥቅሙ ዳገት ላይ ጉዳት ይሆናል። ከሰበታ ጅቡቲ በተዘረጋው መስመር ላይ የዳገቱ ልክ ከ100 ሜትር ጉዞ 2 ሜትር እንኳ እንዳይሞላ ተደርጎ ነው የተነደፈው። ጣርማበርን በዚህ ልክ ለመውረድ ሐዲዱ ስንትና ስንት ጊዜ መጠምዘዝ፣ ስንት ዋሻ መበሳት እንደሚኖርበት አስቡት። መሐንዲሶቹ ያደረጉት የጥንት ሲራራ ነጋዴ ያደርገው የነበረውን ነው፤ ደጋውን ትተው ቆላ ለቆላ ሄዱ።

ሲራራ ካነሳሁ አይቀር፣ የሰሜን ሸዋ ደጋ በባቡር ሲታለፍ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የባቡሩን ሐሳብ ለምኒልክ ያመጣው የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ሸዋ የገባው በ1871 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የንጉሡ መቀመጫ አንኮበርና አካባቢዋ ነበር። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ ከታጁራ በአፋር በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ቅፍለት ጨውና ጨርቅ የሚያራግፍባት፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ የሚጭንባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ የባቡር ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የአንኮበር አገር ሰው ያሰበው ሥልጣኔ ወደ ደጁ እንደሚመጣ ሳይሆን አይቀርም። የመጣው ግን ንግዱ ወደ ድሬዳዋ መሄዱ ነው፤ አልዩ አምባም ከአገር ገበያነት ወደ ወረዳ ገበያነት ወረደች። መስመር የነካው ከተማ ይበቅላል፣ ያልነካው ይደርቃል። የሸዋሮቢትና የአጣዬ ሰው ሐዲድ ሲነጠፍ ደስ ያለው ይህን ታሪክ ባያነበውም ስለሚያውቀው ነው።

የዚያ የመጀመሪያ ባቡር ባለቤትነት ታሪክ ለዛሬው ክርክር ጥሩ ማሳያ ነው። ሥራው የተጀመረው በግል ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ድሬዳዋ ላይ ቆመና ከሰረ። ከዚያ የፈረንሳይ መንግሥት ከኋላው የቆመ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ አዲስ አበባ አደረሰው። በ1952 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ኢትዮጵያ የእኩሌታው ባለድርሻ ሆነች፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም አዲስ አበባ ገባ። ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ሀብት ሆነ። የግል፣ የውጭ፣ የግማሽ በግማሽ፣ የመንግሥት፤ ሁሉም ተሞክሯል። በመጨረሻ የገደለው ግን ያረጀ ሐዲድ፣ ያልተተካ ፉርጎና የመለዋወጫ ዕጦት ነው። ጥገና ሲቀር ባቡሩ ወዲያው አይቆምም፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ አንድ ቀን ላይ ከአህያ ጋሪ እኩል ሲሄድ ነው ሰው የሚነቃው።

አዲሱ መስመር የተለየ ነው። ከሰበታ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ሐዲዱ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። የአሮጌው ስፋት 1 ሜትር ነበር። የገንዘቡ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለንግድ ሥራ ተከፈተ። ባለቤቱ የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር አክሲዮን ማኅበር ነው፤ “አክሲዮን” ሲባል ግን ባለአክሲዮኖቹ ሁለት መንግሥታት ናቸው፤ ኢትዮጵያ 75 በመቶ፣ ጅቡቲ 25 በመቶ።

ታዲያ አዲስ ሐዲድ፣ አዲስ ባቡር እያለ መዘግየት ከየት ይመጣል?

አንደኛው ምክንያት ከካርታው ላይ ይነበባል። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው። ከአዳማ በኋላ ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ሲመጣ አንዱ መተላለፊያ ጣቢያ ላይ ገብቶ ሌላውን መጠበቅ አለበት። ጠባብ የገጠር መንገድ ላይ ሁለት ቅጥቅጥ ሲገናኙ ማን ወደ ኋላ ይመለስ ብሎ የተጨቃጨቀ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ልዩነቱ ባቡር ወደ ኋላ አለመመለሱ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ የተነሳው ጭነት ባቡር ሚኤሶ አካባቢ አንድ ሰዓት ቢቆም፣ ከአዲስ አበባ የሄደው የመንገደኛ ባቡር እዚያው ጋ ይጠብቀዋል፣ ከእሱ ኋላ ያለው ደግሞ እሱን ይጠብቃል። ማታ ድሬዳዋ ቆሞ ሰዓቱን የሚያይ መንገደኛ የሚከፍለው ጠዋት ሌላ ቦታ የተፈጠረውን ዕዳ ነው።

የመጀመሪያዋን የአንድ ሰዓት መዘግየት የሚፈጥሩት ደግሞ ተራ ነገሮች ናቸው። ግመልና ከብት ሐዲድ ላይ ይገባል፤ መስመሩ የሚያልፈው በአርብቶ አደር አገር ነው፤ ከብቱ ሲሞት ባቡሩ ይቆማል፣ የካሳ ንግግር ይመጣል። የኤሌክትሪክ ገመድና የሐዲድ ብሎን ይሰረቃል። መብራት ይጠፋል፤ ቤታችን ሲጠፋ ሻማ እናበራለን፣ ባቡሩ ግን ባለበት ይቀራል። ጭነቱ እንዶዴ ወይም ሞጆ ከደረሰ በኋላ የሚያራግፈው ወዛደርና የሚቀበለው ተሳቢ በሰዓቱ ካልቀረበ ፉርጎው እንደ መጋዘን ይቆማል፣ ለሚቀጥለው ጉዞ አይደርስም።

እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ ገበሬ ይገባል። ከአገር ውጭ ተገዝቶ ጅቡቲ ላይ ከሚራገፈው ማዳበሪያ ከፊሉ በባቡር ይመጣና በመኪና ወደ ዩኒየኖች መጋዘን ይከፋፈላል። ለሞረትና ጅሩ የስንዴና የጤፍ ገበሬ የመጀመሪያው ማዳበሪያ ከዘር ጋር ነው የሚገባው፤ ዩሪያው ቡቃያው ሲያድግ ይከተላል። የመንዝና የጣርማበር ደጋ ደግሞ የበልግ ገብስ አለው፤ የእሱ ቀነ ገደብ ከመኸሩ በወራት ይቀድማል። ለአንድ ሱቅ የጅምላ ጨርቅ በሁለት ሳምንት ቢዘገይ ነጋዴው ይናደዳል፣ ጨርቁ ግን ይሸጣል። ሐምሌ አልፎ የመጣ የዘር ማዳበሪያ ለዚያ ዓመት ለገበሬው ምንም አይሠራም። አንድ የጭነት ባቡር እስከ 3,500 ቶን እንዲጎትት ታስቦ የተሠራ ነው፤ 40 ቶን በሚጭን ተሳቢ ቢሰላ ከ80 በላይ መኪና ማለት ነው። እንዲህ ያለ አንድ ባቡር ሲቀር የሚቀረው የአንድ ወረዳ ወቅት ነው። ነገሩን የአዲስ አበባ ሰው የቲኬት ጉዳይ አድርጎ ሲያወራው የምገረመው በዚህ ነው።

ወደ ሠራተኛው ልመለስ። መስመሩ ሲጀመር ለስድስት ዓመት እንዲያስተዳድሩት የተዋዋሉት የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ነጂዎቹ፣ ተቆጣጣሪዎቹ፣ የጥገና ኃላፊዎቹ በብዛት ቻይናውያን ሆነው፣ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ከጎናቸው እየተማሩ ቀስ በቀስ እንዲተኩ ነበር ሐሳቡ። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ርክክቡ ተደረገ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የባቡር የልህቀት ማዕከል የሚባል የድኅረ ምረቃ ማሠልጠኛም አለ። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ልናቃልለው አይገባም።

ነገር ግን በባቡር ሥራ ውስጥ ወንበር ላይ መቀመጥና ወንበሩን መሙላት ይለያያሉ። ባቡር ነጂ ባቡር ማስነሳትና ማቆም በማወቁ ብቻ ነጂ አይባልም፤ መስመሩን በቃሉ ማወቅ አለበት። የት ላይ ኩርባ አለ፣ የት ላይ ቁልቁለቱ ጭነቱን ይገፋል፣ ከየት ጀምሮ ፍጥነት ይቀነሳል የሚለው በጣቱ ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ቀልድ አይደለም። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ካለው ድልድይ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ሌሊት ወጥቶ ገመድ የሚጠግን፣ የምልክት መብራት ብልሽት በግማሽ ሰዓት ውስጥ አግኝቶ የሚፈታ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ተቀምጦ የትኛው ባቡር ይለፍ የትኛው ይቁም ብሎ የሚወስን ሰው በአንድ ዓመት ኮርስ አይሠራም። ከተሠራ በኋላ ደግሞ ደመወዙ ካላቆየው ይሄዳል። በኤሌክትሪክና በምልክት ሥራ የበሰለ ባለሙያ በግሉ ፋብሪካም በውጭ አገርም ተፈላጊ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ የተከፈቱት ፋብሪካዎች ራሳቸው ሊሻሙት ይችላሉ።

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽታ በጉልህ አሳይቶናል። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፣ ዋጋው ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፣ እሱንም የቻይና ድርጅት እያስተዳደረ አሠለጠነና አስረከበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለዋወጫ ስለጠፋ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ጋራዥ ቆሙ፤ ባለው ላይ ሕዝብ እንደ ጆንያ ተጫነ። እዚህ ጋ የሚገርመው ነገር ባለሙያው እያለ ባቡሩ መቆሙ ነው። የታሪፉ ገቢ ወጪውን አይሸፍንም፤ ቢሸፍንም ገቢው ብር፣ መለዋወጫው ዶላር ነው። መካኒክ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ሙያው ይዝጋል፤ ስለዚህ የመለዋወጫ ዕጦት ቆይቶ የሰው ዕጦት ይሆናል።

አሁን የባለቤትነቱን ነገር ማንሳት ይቻላል። ግንቦት 2010 ዓ.ም. የያኔው ገዥ ግንባር ሥራ አስፈጻሚ የባቡር ፕሮጀክቶች ከስኳርና ከኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ለግል ባለሀብት ይተላለፋሉ ብሎ ወስኖ ነበር። ቴሌኮሙ ለውጭ ኩባንያ ሲከፈት አይተናል፤ ባቡሩ ግን እስካሁን የመንግሥት ነው። ምክንያቱን ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም። ሐዲድ መግዛት ማለት ዕዳውን፣ ጥገናውንና በየበረሃው ያለውን ጥበቃ መግዛት ነው። መንግሥት ራሱ እንኳ ብድሩን በ10 ዓመት መክፈል ስለከበደው በ2010 ማብቂያ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋር ተደራድሯል። የግል ባለሀብት የሚፈልገው የሚያዋጣውን ክፍል ነው፤ ኮንቴይነሩን ይወስዳል፣ በማለዳ ከድሬዳዋ ተነስታ ቆርቆሮና ዶሮዋን ይዛ አዋሽ የምትወርደዋን እናት ለመንግሥት ይተውለታል።

የተቃራኒው ማሳያ ደግሞ ከእንግሊዝ አገር ነው። እዚያ በእነሱ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ባቡሩን በሙሉ ለግል ሸጡት። ሐዲዱን የገዛው ኩባንያ ሲወድቅ በ2002 መንግሥት የቆመለት ድርጅት ተካው፤ በ2024 ደግሞ ፓርላማው የመንገደኛ ባቡሮች ውላቸው ሲያልቅ ወደ መንግሥት ይመለሱ የሚል ሕግ አወጣ። በሰሜኑ ክፍል የሚሠራው ኖርዘርን የተባለው ድርጅት ግን ከዚያ በፊት፣ ከ2020 ጀምሮ በመንግሥት እጅ ነበር። እሑድ እሑድ ግን ባቡሮቹ ይሰረዙ ነበር፤ በአንዳንድ አካባቢ የኮንዳክተሮች የእሑድ ሥራ በመደበኛው የሥራ ሳምንታቸው ውስጥ የሌለ፣ በፈቃድ የሚሠራ ስለሆነ። ባለቤቱ ተቀየረ፣ የቆየው የሥራ ውል ግን አልተቀየረም። በዚህ ከማንም የተለየን አይደለንም፤ ምልክቱን ቀይሮ ውስጡን አለመቀየር የትም አለ።

እኔ በበኩሌ ሐዲዱ የመንግሥት መሆኑን እደግፋለሁ፤ አገርን ከወደብ የሚያገናኝ ብቸኛ የብረት መንገድ ለአንድ ባለሀብት ትርፍ ሊተው አይገባም። የማልደግፈው “የሕዝብ ነው” የሚለው ቃል የማንም አለመሆን ሲሆን ነው። ባቡር ስድስት ሰዓት ሲዘገይ ማን ምክንያቱን ለመንገደኛው ይናገራል? የወሩ የመዘግየት ልክ ለምን በጣቢያው ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም? የሕዝብ ሀብት የሆነ መሥሪያ ቤት ሒሳቡን ለሕዝብ ቢያሳይ ምን ይጎዳዋል? ይህን ለማድረግ መሸጥም መግዛትም አያስፈልግም።

የሸዋሮቢቱን ሐዲድ በዚህ መነጽር ማየት ነው። ከአዋሽ ወልድያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር በ2004 ዓ.ም. ለቱርኩ ተቋራጭ ያፒ መርከዚ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ተሰጠ፤ ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። ከአዋሽ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ያህሉ ክፍል ሐዲዱ ተጠናቆ ኤሌክትሪክ በመጠበቅ ላይ እያለ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የውጊያው ግንባር ከደሴና ከኮምቦልቻ አልፎ ሸዋሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ሲወርድ ፕሮጀክቱ ተዘረፈ፣ ንብረቱም ተጎዳ። ከዚያ ወዲህም አካባቢው እፎይ አላለም። መሬቱን ለሐዲዱ የለቀቀው የቀወትና የኤፍራታና ግድም ገበሬ ማሾውንና ሽንኩርቱን ዛሬም በአይሱዙ ጭኖ ያንኑ ጣርማበር ይወጣል። ከሸዋሮቢት ተነስቶ በሕጋዊ ቲኬት ከአዲስ አበባ ባቡር መሳፈር የፈለገ ሰው ከተማውን አቋርጦ ለቡ ጣቢያ ድረስ መሄድ አለበት፤ 230 ኪሎ ሜትር አካባቢ በመኪና ተጉዞ ባቡር ሊሳፈር ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩ እስኪመጣ ለምን በናፍጣ ሎኮሞቲቭ አይጀመርም የሚል ሐሳብ አለ። እኔም ከሚሉት ነኝ። ናፍጣው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑ፣ ሎኮሞቲቩም እንዲሁ፣ እውነት ነው። ነገር ግን ባቡር የማያልፍበት ሐዲድ በነፃ አይቀመጥም፤ ጥበቃ ይፈልጋል፣ ጎርፍ ከሥሩ ጠጠሩን ይወስዳል፣ ብሎኑ ይፈታል፣ ብድሩ ወለዱን ይቆጥራል። በሳምንት ሁለት የጭነት ባቡር ማዳበሪያ ይዞ ወጥቶ ማሾና ሲሚንቶ ጭኖ ቢወርድ ገቢው ብዙ ባይሆን እንኳ ሠራተኛ ያሠለጥናል። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ያኔ “ነጂ የለም” ከማለት ያድናል። አዋሽ ላይ ደግሞ ቱርኮቹ የሠሩትን መስመር ቻይናዎቹ ከሠሩት ጋር የሚያገናኝ፣ የሁለቱንም የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ እሱም በአንድ ሌሊት አይገኝም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚያስፈልገው በእግሩ የሚሄድ ሰው ነው። የትም አገር ቢሆን ባቡር ከማለፉ በፊት ሐዲዱን በዓይኑ የሚያይ፣ ብሎን የሚመታ፣ ቱቦ የሚያጸዳ የጥገና ጓድ አለ። ለእያንዳንዱ ጓድ 10 ኪሎ ሜትር ቢሰጥ ከአዋሽ ኮምቦልቻ 27 ጓድ ይሆናል። የሸዋሮቢትና የአጣዬ ልጆች ክረምት ላይ የትኛው ወንዝ ከየት ተነስቶ የትኛውን ማሳ እንደሚበላ ከማንም መሐንዲስ በፊት ያውቃሉ። ለእነሱ መዶሻና መፍቻ ለመስጠት፣ ስድስት ወር ለማሠልጠንና ደመወዛቸውን ለመክፈል የኤሌክትሪክ ምሰሶው እስኪቆም መጠበቅ አያስፈልግም።